አንድ ታካሚ፣ አንድ እግር

«እግርሽ ደርሷል፣ ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂ» ተብሎ ሐሙስ ዕለት ተደወለላት። ቅዳሜ ጠዋት አስተማሪዋ በታናሽ ወንድሟ ጀርባ ታዝላ የሰው ሠራሽ እግር ማምረቻውን አራት የድንጋይ ደረጃዎች ወጣች። እግር ለሌለው ሰው እግር የሚሠራ ቤት በራፉ ላይ ደረጃ መደርደሩ የየትኛው ሊቅ ሐሳብ እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ወንድምየው ሾፌር ነው፤ ደረጃውን በወጣ ቁጥር ያንን ሊቅ ሳይረግም አያልፍም።

አስተማሪዋ ሁለት እግሯን ከጉልበቷ በታች ያጣችው ከዓመት ከሦስት ወር በፊት በመኪና አደጋ ነው። ሰባት ወር ሙሉ በዚሁ ቤት አዳራሽ፣ በሁለት የብረት መደገፊያዎች መካከል፣ በመለማመጃ እግር መራመድ ተምራለች። የመለማመጃው እግር ግን የቤቱ ንብረት ነው፤ ከበር አይወጣም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ቁርጡን በደብዳቤ ነግሯታል፤ በመክፈቻው ዕለት አንደኛ ክፍል ፊት ቆማ ካልተገኘች ክፍሉ ለተተኪዋ ይጸናል፣ እሷ ወደ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ትዛወራለች። አሥራ አራት ዓመት ፊደል ያስቆጠረች ሴት እንግዲህ መጽሐፍ ስትቆጥር ልትኖር ነው።

የማምረቻው ኃላፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤቱን ሁሉ ለፍለጋ የምታስነሳ፣ በሥራ ግን ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ራሷ ቁም ሳጥኑን ከፍታ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለውን አመጣችና አስተማሪዋ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ጨርቁ ተገለጠ። ግራ እግር ነው። ልሙጥ፣ የተጣራ፣ ቁርጭምጭሚቱ ሳይቀር የተዋበ ሥራ ነው።

«ሌላውስ?» አለች አስተማሪዋ።

ኃላፊዋ ወደ ቁም ሳጥኑ ተመለሰች፣ ባዶውን መደርደሪያ በእጇ ዳበሰች፣ ወረቀቷን አየች። «ማዘዣው የሚለው ይሄንኑ ነው።»

«እግርሽ ደርሷል ተብዬ እኮ ነው የመጣሁት!»

«ደርሷል እኮ...» ብላ ጀመረችና ኃላፊዋ አፏን ያዘች። ያለችው እውነት ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ማንም ሊሰማው የሚችል እውነት አልነበረም።

ወንድምየው ፈነዳ። «እህቴ ሽመላ ናት እንዴ በአንድ እግሯ የምትቆመው? ሰባት ወር ስታመላልሱን ሁለቱም እንደሌሉ አላያችሁም?»

«ተው አንተ» አለችው አስተማሪዋ። አላለቀሰችም። ግራ እግሯን ጭኗ ላይ አስተካክላ እንደ ሕፃን ያዘችው። «ማዘዣውን የሚጽፈው ማነው?»

«ኮምፒውተሩ ነው።»

«ኮምፒውተሩንስ የሚጽፈው ማነው?»

ጩኸቱን ሰምታ ከጎን ካለው ክፍል የወጣች ልጅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳ አልሞላም፤ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታለች። «እኔ ነኝ» አለች።

ይህቺን ልጅ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ዘንዶ ይላታል። ሥራ በጀመረች ቀን የጄሶ ክፍሉ ሽማግሌ «በምንድን ነው የምትሠሪው ልጄ?» ቢላት «በፓይተን» አለችው፤ የኮምፒውተር ቋንቋ ስም ነው። ሽማግሌው ማታ ቤቱ ሄዶ የልጅ ልጁን ጠየቀና ቃሉ በእንግሊዝኛ ዘንዶ ማለት እንደሆነ ሰማ፤ በማግስቱ «ሴትየዋ ዘንዶ ይዛ ነው የመጣችው፣ ተጠንቀቁ!» ብሎ አወጀ። አንደኛውን ሳምንት ተቀየመች። ሁለተኛውን ዝም አለች። በሦስተኛው ዘንዶ ተብላ ስትጠራ «አቤት» አለች፤ ቅጽል ስም የሚጸናው ባለቤቱ አቤት ያለ ቀን ነው።

አሁን ግን የሚቀልድ አልነበረም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምን እንደተፈጠረ አሁኑኑ አይቼ...»

«ይቅርታሽን አስቀምጪው» አለች አስተማሪዋ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ አርባ ሕፃናትን ጸጥ ለማሰኘት የለመደ ድምፅ ከፍ ማለት አያስፈልገውም። «መክፈቻው ሰኞ ሳምንት ነው። እግሬን ስጪኝ።»

«ይደርሳል» አለች ዘንዶ።

ኃላፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ በደንብ አየቻት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ ወጥቷል፣ የሚመልሰው የለም።

ዘንዶ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችና የታካሚዋን ቁጥር አስገባች፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።

ሥራዋ ምን እንደሆነ ከዚህ በፊት ያልነገርኳችሁ ሰው በተናደደበት መሐል ስለ ኮምፒውተር ማውራት ስለማይወደድ ነው። ቤቱ የአሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ አለው፤ አሥራ ሁለት ሠንጠረዥ። ታካሚዎች በአንዱ፣ የሚሠሩት እግሮች በሌላው፣ ቀጠሮ በሌላው ተጽፈዋል። ሠንጠረዥ ሞኝ ነገር ነው፤ ረድፍና ዓምድ ብቻ ነው የሚያውቀው። የእግሩ ረድፍ ባለቤቱን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ ዳር ላይ 2217 ተብሎ ስለተጻፈበት። አሮጌው ፕሮግራም በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች አልከፈት ሲል ዘንዶ ለስድስት ወር ተቀጠረች። ሠንጠረዦቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ እሷ ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ በፓይተን አንድ ክላስ፣ ማለትም የዚያን ሠንጠረዥ ረድፍ የሚወክል ንድፍ፣ ትጽፋለች፤ ያን ጊዜ ድርቅ ያለው ረድፍ ሲጠሩት አቤት የሚል ነገር ይሆናል። ፓይተን ፊደል አይመርጥምና በገዛ ፊደሏ ነው የጻፈችው፤ «ታካሚ» ትልና ነጥብ አድርጋ «እግር» ስትል የዚያ ታካሚ እግር ተነሥቶ ይመጣል። ታካሚ.እግር። ይህ መጀመሪያ በሠራ ቀን ደስ ብሏት ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞራለች።

አሁን ሠንጠረዡን በቀጥታ ጠየቀችው። ለ2217 ሁለት ረድፍ መጣ፤ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ። ቀጥላ ታካሚ.እግር አለች። አንድ ብቻ መጣ፤ ግራ። ቀኙ ሠንጠረዡ ውስጥ በሰላም ተቀምጧል፤ ግን የሚጠራው ስለሌለ አቤት አይልም። ክላሱን ከፈተች። በገዛ እጇ የጻፈችው መስመር እዚያው ነበር፦ ለአንድ ታካሚ አንድ እግር፣ ዝርዝር ሳይሆን አንድ። ሁለት ረድፍ ሲመጣ ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን ይተወዋል። ይተወዋል እንጂ ዝም አይልም፤ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። እሷ ግን ከወር በፊት ማስጠንቀቂያዎቹ ስክሪኑን ሲሞሉባት «ኋላ አያቸዋለሁ» ብላ ሁሉንም ዝም የሚያሰኝ አንድ መስመር ጨምራለች።

ክው አለች። ፊቷ ጋለ። እንዲህ ያለውን ስሕተት ሌላ ሰው ሠርቶት ብታይ እንዴት እንደምትስቅበት ታውቃለች።

ጥርሷን ነክሳ ሁሉንም ታካሚ ፈተሸች። አዲሱ ፕሮግራም ማዘዣ ማተም ከጀመረ ወዲህ ከመቶ ሠላሳ ሰው ስምንቱ ሁለት ረድፍ ነበራቸው። ስምንቱም አንድ ብቻ ታዝዞላቸዋል። ወደ ጄሶ ክፍሉ ግምጃ ቤት ሄዳ በመሰላል ወጣች። ስምንቱ ቀኝ እግሮች በጄሶ ተቀድተው፣ ቁጥራቸው በቀይ ቀለም ተጽፎባቸው፣ አቧራ ለብሰው ማዘዣ እየጠበቁ ነበር። ጄሶው ላይ ፕላስቲክ የሚያለብሱት የምድጃ ክፍል ሠራተኞች ታካሚ አያዩም፤ የሚያዩት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግራ አለ፣ ግራ ሠሩ።

ወደ ክፍሏ ስትመለስ ኃላፊዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። «ሰኞ ጠዋት ምክንያቱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ። የማን ጥፋት እንደሆነ ጭምር።»

ዘንዶ ማስታወሻ ደብተሯን ታውቀዋለች። ሥራ በጀመረች በአራተኛው ቀን ገጹ ላይ እንዲህ ጽፋለች፦ «ጥያቄ፦ ለአንድ ታካሚ ስንት እግር ይሠራል? መልስ፦ አንድ ታካሚ፣ አንድ እግር። ጋሼ ጄሶ።» ቀኑ ሳይቀር አለበት። ጋሼ ጄሶ ያ ቅጽል ስም ያወጣላት ሽማግሌ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ጄሶ ሲያቦካ የኖረ፣ ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው። እንዴት ይህን የመሰለ ነገር ይሳሳታል? በጣም ተናደደችበት። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ቤቷ ሄደች።

እናቷ ጡረታ የወጣች የታይፕ ጸሐፊ ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ወለል ትወለውላለች፤ በዚያ ሰዓት የንጉሥ ልጅ ቢመጣም በጫማ አይገባም።

«ቁሚ እዚያው! ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ነጭ? እግርሽን ታጥበሽ ግቢ።»

ዘንዶ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። የጄሶው አቧራ ካልሲዋን አልፎ ገብቷል። በባልዲው ውኃ ግራዋን ታጠበች። ቀኟን ልታነሳ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እማዬ።»

«ወይ።»

«ስንቱን?»

«ምን ስንቱን?»

«እግሬን። እግርሽን ታጠቢ አላልሽኝም? ስንቱን ማለትሽ ነው?»

እናቷ መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መጣችና ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ምነው ልጄ፣ ስንት አለሽ?»

«የምሬን ነው። ለምን እግሮችሽን አላልሽኝም?»

«እግሮችሽን የሚል ዜና አንባቢ ነው። ሰው ቤት ውስጥ እጄን ታጠብኩ፣ ዓይኔን አመመኝ፣ እግሬን ደከመኝ ይላል እንጂ ማን ዕድሜ ልኩን ሲቆጥር ይኖራል? አንዱ ብቻ ሲሆን ነው አንዱ የሚባለው። አሁን ታጠቢ፣ ሁለቱንም፣ ብዙ ቁጥር ከፈለግሽ።»

ዘንዶ ታጠበች። ሽማግሌው አልተሳሳተም። እሷም እንደሱ ትናገራለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ተናግራለች። ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ ብቻ ነው የገዛ ቋንቋዋ የጠፋባት። ንዴቷ ተነሥቶ ሄደ፤ በቦታው የመጣው ኀፍረት ግን ከንዴቱ ይከብዳል።

ሰኞ ጠዋት ከኃላፊዋ በፊት ጄሶ ክፍል ገባች። ጋሼ ጄሶ ወገቡን በሰፊ ቀበቶ አስሮ አንድ የጄሶ ጉልበት በሞረድ እየላገ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለአንድ ታካሚ ስንት እግር ነው የሚሠራው?»

«አንድ ነዋ። ነግሬሽ የለም እንዴ?»

«ሁለቱም ለሌለውስ?»

«አንድ እግር!» አለ ሽማግሌው በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «አንድ ጫማ ገዛሁ ስትይ ባለሱቁ አንዱን ብቻ ጠቅልሎ ይሰጥሻል? በዚህ ቤት ነጠላ ካልተባለ እግር ማለት ሙሉው ነው። አንዱ ብቻ የጎደለው ሰው ሲመጣ ነጠላ እንላለን። ኸረ ይሄማ...»

ሞረዱ ቆመ። የቅዳሜው ወሬ ደርሶት ነበርና ሁለቱን ነገር አገናኘ። ፊቱ ከጄሶው የባሰ ነጣ።

«ጽፈሽዋል? እኔ ያልኩትን?»

«ጽፌዋለሁ።»

«እንግዲህ...» አለና ሽማግሌው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ አንዲት ነቀፌታ የሠራ ሰው ጡረታው አራት ወር ሲቀረው፣ በአንዲት ቃል፣ ስሙ ሲበላሽ በዓይኑ ታየው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ። በቃ፣ አሳያት።»

«እርስዎ ትክክል ነው የተናገሩት» አለች ዘንዶ። «የገባኝ መስሎኝ ሳልጠይቅ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙም ነግሮኝ ነበር፣ አፉን ዘጋሁት። ደብተሬን ለማሳየት አይደለም የመጣሁት። ስምንት ቅርጽ በአራት ቀን ይልጉልኝ እንደሆነ ልለምንዎት ነው።»

«ጄሶ አይቸኮልም።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም! ቸኩለሽ አይደል እዚህ የደረስነው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«እየለቀምኩ ነው እኮ ጋሼ» አለች።

ሽማግሌው ሞረዱን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ። እሷ በሩ ጋ ስትደርስ ግን፣ ቀና ሳይል «ወገቤ በቀን ከሁለት በላይ አይችልም፤ ማለስለሱን አንቺ ከሠራሽ ነው» አለ።

ዘንዶ ኃላፊዋ ቢሮ የገባችው ወረቀት ይዛ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ የማን ጥፋት እንደሆነ በመጀመሪያው መስመር፣ ማስጠንቀቂያውን ማን ዝም እንዳሰኘ በሁለተኛው ተጽፏል። የሽማግሌው ስም የትም አልነበረም። ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይሄ ፋይልሽ ውስጥ ይገባል። ውልሽ ሲታደስ ያዩታል። ላይታደስም ይችላል።»

«ይግባ።»

«ስምንቱ በወሩ መጨረሻ ይሠራሉ። የምድጃው ሰልፍ ሞልቷል፤ ማንንም ከማንም አላስቀድምም። አስተማሪዋም ብትሆን።»

«አያስቀድሙ» አለች ዘንዶ ሽንጧን ገትራ። ቆማ ነበር፤ ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም። «ምድጃው ሥራ የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢጀምር ከሰልፉ በፊት በየቀኑ ሁለት ይወጣል። ከነገ እስከ ዓርብ አራት ቀን ነው፤ ስምንት። የምድጃ ልጆቹን አነጋግሬያቸዋለሁ። ጋሼ እሺ ብለዋል። ቁልፉን ብቻ ይስጡኝ።»

«የአንቺ ሥራ እኮ ኮምፒውተር ነው።»

«እግር ነው የጎደለው፤ ኮምፒውተር አይደለም።»

ኃላፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፣ ጠረጴዛው ላይ ፈለገችው፣ ተስፋ ቆረጠች፣ መሳቢያዋን ከፍታ ቁልፉን ወረወረችላት።

ያን ቀን ዘንዶ በክላሱ ውስጥ «እግር» የሚለውን «እግሮች» ብላ፣ አንድ የነበረውን ዝርዝር አደረገችው። ታካሚ.እግሮች ብላ ስትጠራ የ2217 ሁለቱም መጡ፤ የእናቷ ዜና አንባቢ አንድ ጊዜ ጠቅሟል። ዝም ያሰኘቻቸውንም ማስጠንቀቂያዎች መልሳ አፋቸውን ከፈተችና አርባ አንዱን አንድ በአንድ አነበበች፤ እያንዳንዱን ስታነብ ጆሮዋ ይግላል። ከዚያ አስተማሪዋ እንደመጣችው እንዳይመጡ ለሰባቱ ሰዎች ደወለች። ስድስቱን አገኘች። አንዱ ስልኩን ቀይሮ ስለነበር በእግር በፈረስ ተፈልጎ በጎረቤቱ በኩል ተገኘ። አንዲት ሴት ሰደበቻት፤ እስክትጨርስ አዳመጠቻት። አንድ አትክልተኛ ሽማግሌ ደግሞ «ግድ የለም ልጄ፣ ግራው ቀድሞ ይምጣና ለወንድሙ መንገዱን ይጥረግለት» አላት። ይህኛው ከስድቡ በላይ አስለቀሳት።

ማክሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ምድጃው ተለኮሰ። የአስተማሪዋ ቅርጽ የመጀመሪያው ነበር። ፕላስቲኩ እንደ ሊጥ ለስልሶ ሲወጣ ቅርጹ ላይ ያለብሱታል፤ አየሩን በማሽን ሲመጥጡት ቆዳ ይመስል ይለጠፋል። ያን ቀን ግን አልተለጠፈም። ምድጃው ገና በደንብ አልጋለም ነበርና ፕላስቲኩ ጉልበቱ ጋ ተጨማደደ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። የተበላሸውን ቆርጠው ሲያወጡት የአስተማሪዋ ጄሶ ከጎኑ ተሰነጠቀ።

ዘንዶ የስንጥቁን ጫፍ በጣቷ ነካችው። እዚያው ቁጭ ብላ ማልቀስ አምሯት ነበር፤ ግን የምድጃው ልጆች ያዩዋታል፣ ጋሼ ጄሶም ያያታል፣ ዓርብ ደግሞ ከማክሰኞ ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚርቀው።

«ይጠገናል?»

ጋሼ ጄሶ ቅርጹን ወደ መስኮቱ አዞረው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። አሁን ከያዝነው ይጠገናል። ግን መድረቂያ ሁለት ቀን ሙሉ ይፈልጋል። ሐሙስ ብትነኪው እጅሽን እቆርጣለሁ።»

«ዓርብ፣ እንግዲህ።»

«ዓርብ። አንድ ጊዜ ብቻ። ያም ከተበላሸ እንደ አዲስ መለካት ነው፤ ሰኞ አይደርስም።»

ከረቡዕ ጀምሮ ምድጃውን የምትለኩሰው እሷ ሆነች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወፍ ሳይንጫጫ። እስኪግል ድረስ የብርጭቆ ወረቀት ይዛ ሽማግሌው የላጋቸውን ታለሰልሳለች። በሁለት ቀን ውስጥ መዳፏ ተላጠ። ጋሼ ጄሶ ሲያስተምር ርኅራኄ አያውቅም፤ «እዚህ ጋ አጥንት ነው፣ አትንኪው! እዚህ ጋ ሥጋ ነው፣ አትፍሪው!» ይላል። ስትፈጥን ደግሞ እጇን ያዝ አድርጎ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል።

«በስንቱ?» አለችው ሐሙስ ጠዋት።

ሽማግሌው ለደቂቃ አፈጠጠባት። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ መጣ፤ ወገቡን ይዞ፣ «ወይኔ ወገቤ!» እያለ፣ እንባው በነጭ ጉንጩ ላይ መንገድ እስኪሠራ ሳቀ። ቅዳሜ ከደረሰው ነገር ወዲህ በዚያ ቤት የተሳቀው ያኔ ነው።

ረቡዕ ሁለት ወጣ። ሐሙስ ሁለት ወጣ። ዓርብ የተጠገነው ቅርጽ ምድጃው ፊት ቆመ። ዘንዶ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ነው ያየችው። ፕላስቲኩ ወረደ፣ አየሩ ተመጠጠ፣ ለአንድ አፍታ ጉልበቱ ጋ እንደ መጨማደድ አለ፤ ከዚያ ተሳበ፣ ተወጠረ፣ ተለጠፈ። ጋሼ ጄሶ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳበሰና «ልጅ ነው» አለ፤ ከዚህ በላይ ሲያመሰግን የሰማው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት አስተማሪዋ መጣች። እንደ ባለፈው ሳምንት ምንም አልጠየቀችም፤ ቁጭ ብላ ጨርቁ እስኪገለጥ ጠበቀች። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። ጋሼ ጄሶ ተንበርክኮ ራሱ አለበሳት። ቀኙ በጥቂቱ ከፍ ይላልና ብሎኑን ሩብ ዙር መለሰው፤ ተነሺ አላት፤ ተነሳች።

«ያዣት» አላት ዘንዶን። «የኔ ወገብ አይይዝም።»

በሁለቱ ብረቶች መካከል ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ። ዘንዶ ክንዷን አጥብቃ ይዛለች። ብረቶቹ አለቁ። አስተማሪዋ አልቆመችም፤ በባዶው ወለል ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ርምጃ ቀጠለች። ወንድምየው ግድግዳው ጋ ቆሞ ቆቡን በሁለት እጁ ይጨምቃል።

«ቲቸር፣ ያን ቅዳሜ...» ብላ ጀመረች ዘንዶ። ሳምንቱን ሙሉ የብርጭቆ ወረቀት ይዛ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር።

«ስምንት ነን አሉኝ» አለች አስተማሪዋ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ።

«አዎ።»

«የሌሎቹስ?»

«የአምስቱ ደርሷል። ሁለት ይቀራል፤ ሰኞ ጠዋት ምድጃ ይገባሉ።»

«ለስልሰው አልቀዋል?»

«አንዱ ገና ነው።»

አስተማሪዋ ቆመች። ፊቷን አዙራ ከአንድ ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አየቻት፤ ቀጥላ ወደ ክንዷ፣ ክንዷን ጥፍር እስኪሰምጥ ወደጨበጡት የተላላጡ ጣቶች።

«ታዲያ እኔን ይዘሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች። «ልቀቂኝ።»

ዘንዶ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች። አስተማሪዋ አንድ ጊዜ ወዘወዝ አለች፣ እጇን ዘርግታ ሚዛኗን ፈለገች፣ አገኘችው፤ ከዚያ ማንም ሳይዛት ወደ በሩ ሄደች።